ባለቤቱ የፈቀደው ዜማ

ክሌመንት ጎዳና፣ ዓርብ

38 ቁጥር አውቶብስ ጊሪ ጎዳናን ይዞ ወደ ምዕራብ በገፋ ቁጥር ሳን ፍራንሲስኮ ዝቅ እያለች ትሄዳለች። የመስታወት ፎቆቹ ወደ ኋላ ይቀሩና ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ደርብ የእንጨት ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ይመጣሉ፤ ከዚያ ጉሙ ይቀበላል። ወሩ ኦገስት ነው። የካሊፎርኒያ በጋ ሲባል ፀሐይ የሚጠብቅ እንግዳ እዚህ ሰፈር ሲደርስ ከውቅያኖሱ የሚነሣው ነፋስ አጥንቱን ይፈትሸዋል። የአክስቴ ልጅ ኦክላንድ ላይ «ሹራብ ሳትይዝ ከዚህ ቤት አትወጣም» ብላ የተሟገተችኝ ለካ ወዳ አይደለም።

ፓርክ ፕሬሲዲዮ ላይ ወርጄ አንድ መንገድ ወደ ሰሜን ተሻገርኩ። ክሌመንት ጎዳና የእስያውያን ገበያ ነው፤ ዝንጅብሉና ጎመኑ በካርቶን እንዳለ እግረኛ መንገዱ ላይ ተደርድሯል፣ የተጠበሰው ዳክዬ በመስኮት በኩል ተንጠልጥሎ ይታያል። መንገዱ ከፈንስተን ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ደግሞ ነጭ ዓምዶች ያሉት፣ ለሰፈሩ የማይመጥን የሚመስል ሕንጻ ቆሟል። ድሮ የክርስቲያን ሳይንስ ምእመናን ቤተ ክርስቲያን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ኢንተርኔት አርካይቭ ገዛው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ብሩስተር ኬል በ1996 የመሠረተው የዚህ ተቋም አርማ ባለ ዓምድ ሕንጻ ነው፤ ቤቱን የገዙትም አርማቸውን ስለሚመስል እንደሆነ ቀልድና ቁም ነገር እያጣቀሱ ያወራሉ።

ሰው ይህን ተቋም የሚያውቀው የሞቱ ድረ ገጾችን አስቀምጦ በማቆየቱ ነው። እኔን ያመጣኝ ሙዚቃው ነው። ከአዲስ አበባ ስነሣ ስልኬ ላይ የጫንኩት ዘፈን ሁሉ ማን ፈቅዶልኝ እንደያዝኩት ብጠየቅ መልስ የሌለኝ ነው። እኛ አገር በካሴት ዘመን ማስቀዳት ነበር፤ ቀጥሎ ሙዚቃ ቤት ገብቶ በፍላሽ ማስጫን መጣ፤ አሁን በቴሌግራም መላላክ ሆኗል። በመካከሉ ዘፋኙን የጠየቀ የለም። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ «ውሰዱ» ብሎ ያስቀመጠው ሙዚቃ ምን ያህል ነው፣ ደግሞስ ይደመጣል ወይ የሚለው ነገር ሲከነክነኝ ቆይቷል።

ዓርብ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ለጎብኚ ይከፍታሉ፤ ክፍያ የለውም። ከላይኛው አዳራሽ የምእመናኑ አግዳሚ ወንበሮች አልተነሡም። በዙሪያው ከጭቃ ተሠርተው ቀለም የተቀቡ፣ ቁመታቸው ወገብ የሚደርስ ሰዎች ቆመዋል። ለተቋሙ ሦስት ዓመት ያገለገለ ሁሉ ምስሉ ይሠራለታል፤ ሐሳቡ የተወሰደው ከቻይና ንጉሠ ነገሥት መቃብር ከወጡት ወታደሮች ነው። ወንበሮቹ ላይ ማንም ሳይቀመጥ አዳራሹ የሞላ ይመስላል። ከኋላ በኩል በግድግዳው ቅስቶች ውስጥ ኮምፒውተሮቹ ተደርድረዋል። ሰማያዊ መብራቶቻቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ አስጎብኚው እያንዳንዷ ብልጭታ አንድ ሰው የሆነ ቦታ ሆኖ አንድ ነገር ሲያወርድ ወይም ሲያስገባ ነው አለን። ማቀዝቀዣ የላቸውም። የሰፈሩ ጉም ያቀዘቅዛቸዋል፤ ከእነርሱ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ ሕንጻውን ያሞቃል። ሹራቤን አወለቅሁ።

ከምስሎቹ መካከል የአሮን ስዋርትዝን ፈልጌ አገኘሁት። በ2013 መጀመሪያ በሃያ ስድስት ዓመቱ ሕይወቱ ያለፈው ይህ ወጣት፣ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ባለቤቶች ሥራቸውን የሚለቁበትን ፈቃድ ላዘጋጀው ለክሬቲቭ ኮመንስ የቴክኒክ ሥራ ይሠራ ነበር። ፈቃዱን ሰው ብቻ ሳይሆን ማሽንም እንዲያነብበው ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው። ዛሬ አንድ ሰው ሲፈልግ «የባለቤቱን ስም ጠርቶ ለማንኛውም ሥራ መጠቀም የሚቻል ሙዚቃ ብቻ አምጣልኝ» ብሎ ማጣራት የቻለው በዚያ ሥራ ምክንያት ነው።

ክሬቲቭ ኮመንስ ራሱ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። በ2001 የተቋቋመው ከሳን ፍራንሲስኮ በስተደቡብ ባለው በስታንፎርድ ያስተምር በነበረው በሕግ ምሁሩ በሎረንስ ሌሲግና በባልደረቦቹ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች የወጡት በ2002 ዲሴምበር ላይ ነው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ሕጉ አንድ ዜማ ከተቀረጸባት ደቂቃ ጀምሮ በሩን ዝግ ያደርገዋል፤ ባለቤቱ ክፍት እንዲሆን ቢፈልግ እንኳ የሚለጥፈው ምልክት አልነበረውም። እኛ ሰው ደጅ ስንደርስ «ቤቶች!» እንላለን፤ ከውስጥ «ይግቡ» እስኪባል እንቆማለን። እነዚህ ሰዎች የሠሩት «ይግቡ»ን አስቀድሞ በር ላይ መጻፍ ነው፤ ከሥሩም የቤቱን ደንብ። ደንቦቹ አራት ናቸው፦ ስሜን ጥራ፤ አትነግድበት፤ አትለውጠው፤ ከለወጥከው አንተም በዚሁ ፈቃድ ልቀቀው። ከእነዚህ ቅንጅት ስድስት ዓይነት ፈቃድ ይወጣል። በ2009 ደግሞ ስሜን እንኳ ባትጠራ ግድ የለኝም፣ ሁሉንም ትቻለሁ የሚለው «ሲሲ ዜሮ» ተጨመረ።

ያው ሕንጻ፣ ስለ ሸክላ

ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ ማዳመጫዬን ሰካሁ። አስተናጋጆቹ አልተናገሩኝም።

እዚህ ቤት ከ2017 ጀምሮ በስፋት የሚካሄድ አንድ ትልቅ ሥራ አለ፤ በደቂቃ ሰባ ስምንት ጊዜ የሚዞሩትን የድሮ ሸክላዎች ወደ ዲጂታል መገልበጥ። ቀረጻው ሲከናወን የቆየው በፊላደልፊያ አካባቢ ባለ ድርጅት ነው። ሸክላው ላይ አራት መርፌ በአንድ ጊዜ ያሳርፋሉ፤ የየዘመኑና የየፋብሪካው ጎድጎዳ ስፋት ስለሚለያይ የትኛው መርፌ የተሻለ እንደሚያነብ ቀድሞ አይታወቅም። አራቱም ቅጂ ይቀመጥልሃል። እኔ አንዱን የ1910ዎቹ የነፋስ መሣሪያ ባንድ በአራቱም መርፌ አዳመጥኩ። በአንዱ ትራምፔቱ ከጎረቤት ቤት ይመጣል፤ በሌላው እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ አፉን ያሟሻል። ጭርጭርታው ግን በሁሉም አለ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጆሮ ይረሳዋል።

የአሜሪካ ሕግ በድሮ ቅጂ ላይ ለረጅም ጊዜ ግራ የሚያጋባ ነበር። ከ1972 በፊት የተቀረጸ ድምፅ በፌዴራሉ የቅጂ መብት ሕግ ውስጥ ስላልነበረ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ታስሮ ነበር፤ የ1890ዎቹ ቅጂ ጭምር። በ2018 የወጣው ሕግ ሰዓቱን አስተካከለው፤ ከ1923 በፊት የታተሙ ቅጂዎች በሙሉ ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 የሕዝብ ሀብት ሆኑ። ከ1923 እስከ 1946 የታተሙት ደግሞ መቶ ዓመት እየሞላቸው በየዓመቱ ይከተላሉ። በአንድ ሌሊት የተለቀቀው የሙዚቃ ብዛት ሲታሰብ ያንን ቀን በዓል አድርጎ የሚያከብር አገር መኖር ነበረበት ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ ሐሳቤ ወደ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ሄደ። ዓፄ ምኒልክ ስለ አውቶሞቢል እንዲማሩ ወደ ጀርመን የላኳቸው እኒህ ሰው፣ ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያ የንግድ ሸክላዎች እነዚያ ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም በ27ኛው ቁጥር ላይ ዳግም ታትመዋል። እንግዲህ ዕድሜያቸው ሲታይ አሜሪካ ውስጥ ከ2022 ጀምሮ የታሰሩበት ሰዓት አልቋል ማለት ነው፤ ኦክላንድ ያለ አንድ ልጅ ያንን የማሲንቆ ቅጂ ወስዶ ሌላ ነገር ቢሠራበት የሚከለክለው የለም። ከዋናው ሸክላ ከቀዳ ነው ታዲያ። ዋናው ሸክላ ደግሞ ከመንገድ የሚለቀም ዕቃ አይደለም። ሕግ ቢፈታህም ሸክላው ያለው ሰው ካልፈታህ ባዶ እጅህን ትቀራለህ፤ ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ቤት የሚያስፈልገው።

ቤቱም ቢሆን ሁሉን ነገር በሰላም አልሠራም። የሸክላው ክምችት ገና መቶ ዓመት ያልሞላቸውን፣ የቢንግ ክሮስቢን የገና ዘፈን የመሳሰሉ ታዋቂ ሥራዎችንም ይዞ ነበር። በ2023 ሶኒና ዩኒቨርሳልን ጨምሮ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ከሰሱት፤ 2,749 ቅጂዎችን ዘርዝረው የጠየቁት ካሳ እስከ 412 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ነበር። በ2025 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። እኔ በዚህ ላይ ሁለት ልብ ነኝ። ሸክላው ሳይሰበር መቅዳታቸው ሊያስመሰግናቸው ይገባል። ገና ባለቤት ያለውን ዘፈን ግን ባለቤቱን ሳይጠይቁ ማውጣት፣ እኛ በፍላሽ ከምናደርገው የሚለየው በጥራቱ ብቻ ነው።

ሃይት፣ ቅዳሜ

ፀሐይ ወጣች። የጎልደን ጌት ፓርክን ምሥራቃዊ ጫፍ አቋርጬ ወደ ሃይት አሽበሪ በእግሬ ወጣሁ። ሰፈሩ የ1967ቱን የሂፒዎች በጋ እስከ ዛሬ በቲሸርት እየቸረቸረ ይኖራል። አሽበሪ ጎዳና 710 ቁጥር ላይ ግሬትፉል ዴድ የተባለው ባንድ አባላት በዚያ ዘመን የኖሩበት ቤት አለ፤ የግለሰብ መኖሪያ ስለሆነ ሰዉ ከእግረኛው መንገድ ላይ ሆኖ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ።

የመጣሁት ግን ለቤቱ አይደለም። ይህ ባንድ ክሬቲቭ ኮመንስ ከመታሰቡ በፊት ፈቃድ መስጠትን በተግባር ያስተማረ ነው። አድማጩ ቴፕ ሪኮርደር ይዞ ኮንሰርት ሲገባ አይከለክሉትም ነበር፤ ጭራሽ በ1984 ለቀጂዎች የተለየ ትኬትና ከድምፅ መቆጣጠሪያው ኋላ የተለየ ቦታ ሰጧቸው። ደንቡ አንድ ነው፦ ተቀያየሩ፣ አትሽጡ። ሰዎቹ ካሴቱን በፖስታ ሲላላኩ ኖሩ። በ2002 ኢንተርኔት አርካይቭና የቀጂዎቹ ማኅበረሰብ ተባብረው የቀጥታ ኮንሰርቶች ክምችት ሲከፍቱ ያ ሁሉ ካሴት የሚያርፍበት ቤት አገኘ። ዛሬ ፈቃዳቸውን የሰጡ በሺህ የሚቆጠሩ ባንዶች ያቀረቧቸው ከ250,000 በላይ ኮንሰርቶች እዚያ አሉ።

አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በ1977 ሜይ 8 ቀን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የቀረበውን፣ አፍቃሪዎቹ ከሁሉ ያስበልጡታል የሚባለውን ምሽት ከፈትኩ። ምሽቱ አንድ፣ ቅጂው ብዙ። አንዱ ከድምፅ መቆጣጠሪያው በቀጥታ የተወሰደ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ግን አየር የሌለው። ሌላው ከሕዝቡ መካከል በማይክሮፎን የተቀዳ ነው፤ ጊታሩ ትንሽ ይርቃል፣ በምትኩ አዳራሹ ራሱ ይሰማል፤ ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ ዘፈኑ ሲጀመር አውቀውት የሚጮኹት። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የባንዱን ዘፈኖች ከዚያ በፊት እምብዛም አላውቃቸውም ነበር፤ ግጥም የሌለበት የሃያ ደቂቃ ጨዋታ ተቀምጦ መስማት ግን ለእኔ አዲስ አይደለም፣ የሰርግ ማለዳ ላይ ባንድ ራሱን ሲረሳ የሰማ ሐበሻ ይችለዋል።

የሰጡትን ፈቃድ መልሰው ሊያጥፉት የሞከሩበት ጊዜም አለ። በ2005 መጨረሻ ላይ የባንዱ ወገን ቅጂዎቹ ከእንግዲህ አይወርዱም አለ፤ አድማጩ ተቆጣ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ከሕዝብ መካከል የተቀዱት ማውረጃ ተመለሰላቸው፣ ከመቆጣጠሪያው የተወሰዱት ግን በቦታቸው ከማዳመጥ በቀር የማይወርዱ ሆነው ቀሩ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። በቃል የተሰጠ ፈቃድ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ግን አንዴ ከተሰጠ ደንቡን ላከበረ ሰው አይነጠቅም፤ ሰጪው ሐሳቡን ቢቀይርና ከገጹ ቢያነሣው እንኳ ቀድሞ የወሰደው በወሰደበት ፈቃድ ይቀጥላል። ሙዚቀኛ ይህን ሳያውቅ መፈረም የለበትም።

በባሕሩ ሥር፣ ኦክላንድ

ወደ ኦክላንድ የሚመለሰው ባቡር ከባሕረ ሰላጤው በታች በቱቦ ያልፋል፤ ጩኸቱ ለብቻው ኮንሰርት ነው። ድምፁን ከፍ አድርጌ ባኽን አዳመጥኩ። ባኽ የሞተው በ1750 ነው፤ ዜማው የማንም አይደለም። ግን አንድ ፒያኒስት ትናንት የቀረጸው ባኽ የፒያኒስቱና የአሳታሚው ነው፤ ዜማው አንድ መብት፣ ቅጂው ሌላ መብት። ፒያኒስቷ ኪሚኮ ኢሺዛካ በ2012 የባኽን የጎልድበርግ ልዩነቶች በሕዝብ መዋጮ ቀርጻ በሲሲ ዜሮ ለቀቀችው። ኖታውም እንደዚሁ ተለቀቀ። የተጣደፈችበት ቦታ የለም፤ ከዝግታው ክፍሎች አንዱ ላይ ባቡሩ ከቱቦው ወጥቶ የኦክላንድ ወደብ ክሬኖች ብቅ አሉ።

እቤት የአክስቴ ልጅ ወንድ ልጅ ላፕቶፑን አቅፎ ይጠብቀኛል። የሐበሻ ሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፤ ጥሩ ገቢ አለው። ያለፈው ሳምንት አንድ የቪዲዮ መድረክ የሠራውን የመልስ ቪዲዮ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶበታል፣ ከበስተጀርባ ባስገባው ታዋቂ ዘፈን ምክንያት። «ጋሼ፣ እስቲ ያንን ነጻ ምናምን ያልከኝን አሳየኝ» አለኝ።

በመጀመሪያ የከፈትኩለት የኬቨን ማክላውድን ሥራዎች ነው። ሁለተኛው ዜማ ላይ ሳቀ። «ይኼንንማ አውቀዋለሁ!» ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ስሙን የሚያውቅ ግን የለም። አሜሪካዊው ማክላውድ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ቅንብሮችን ስሜን ከጠራችሁ ለምንም ተጠቀሙበት ብሎ ለቋል፤ ድመት ስትወድቅ፣ ሕፃን ሲያስነጥስ ከኋላ የሚሰማው ነገር ብዙ ጊዜ የእርሱ ነው። ለሙሽራና ሚዜ ግን አይሆንም። ልጁ ራሱ ወዲያው ገባው።

ቀጥሎ ወደ ፍሪ ሚውዚክ አርካይቭ ሄድን። ይህን በ2009 የከፈተው በኒው ጀርሲ ያለው ደብልዩ ኤፍ ኤም ዩ የተባለ በአድማጭ መዋጮ የሚኖር ራዲዮ ጣቢያ ነው፤ ዘፈኖቹን የሚያስገቡት ጆሮ ያላቸው የራዲዮ ሰዎች ስለነበሩ ጥሩ ስም አወጣ። በ2018 ገንዘብ አጥቶ ሊዘጋ ሲል የኔዘርላንዱ ትራይብ ኦፍ ኖይዝ በ2019 ተረከበው። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን እውነቱን ልናገር፤ አብዛኛው ነገር አይረባም። ዩኩሌሌ፣ ጭብጨባና ፉጨት አንድ ላይ አድርገው የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ የሚመስል ነገር የሚያመርቱ ሰዎች ቁጥር ስፍር የላቸውም። ስለዚህ በፍለጋ ሳጥን ብቻ መሄድ ያደክማል። የሚሻለው አንድ የወደድከውን ቅንብር ያስገባውን ሰው መከተል ነው፤ እርሱ ሌላ ምን መረጠ? እኛ እንደዚያ ሄደን ከአንድ የፒያኖ ቁራጭ ተነሥተን ስሙን ሰምተን ከማናውቀው የጃዝ ቡድን ደረስን፤ ልጁ «ይኼ ለኬክ ቆረሳው» ብሎ ምልክት አደረገ።

ፈቃዱን ሳየው ግን «አትነግድበት» ይላል። የሰርጉ ቪዲዮ ደግሞ ይከፈልበታል።

«ሙሽሮቹ ናቸው እንጂ እኔ አልሸጥኩትም» ብሎ ተከራከረኝ። ያን ጊዜ የናይን ኢንች ኔይልስን ታሪክ ነገርኩት። ባንዱ በ2008 «ጎስትስ» የተባለ 36 ቅንብር ያለው አልበም ስሜን ጥራ፣ አትነግድበት፣ በዚሁ ፈቃድ ልቀቅ በሚለው ፈቃድ አወጣ። ማንም በሕጋዊ መንገድ በነጻ ሊያገኘው የሚችለው ያ አልበም በመጀመሪያው ሳምንት 1.6 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ በዚያ ዓመትም በአማዞን ላይ ከተሸጡት የኤምፒ3 አልበሞች አንደኛ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ የኔዘርላንድ ወጣት ከዚያ አልበም የአንዱን ቅንብር የባንጆ ድምፅ ቆርጦ ምት ሠራበት፤ ሊል ናስ ኤክስ ምቱን በ30 ዶላር ገዝቶ በ2018 «ኦልድ ታውን ሮድ»ን ዘፈነበት። ዘፈኑ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ 19 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ማዳመጥና መጫወት በነጻ ነው፤ ገበያ ላይ ሲወጣ ግን ባለቤቶቹን መጠየቅ ግድ ሆነ፤ የቅንብሩ ደራሲዎች ትሬንት ሬዝነርና አቲከስ ሮስ በደራሲነት ስማቸው ገባ፣ ድርሻቸውም ተከበረ።

«ሠላሳ ዶላር!» አለ ልጁ፤ ከታሪኩ ሁሉ የያዘው ይህቺን ነው። ለኬክ ቆረሳው ሌላ ፍለጋ ገባን። ስም መጥራት ብቻ ከሚጠይቁት ውስጥ የዋሽንት ቃና ያለው አንድ ነገር አገኘን። ለሚዜዎቹ መግቢያ ደግሞ በቀልድ የአሜሪካ ማሪን ባንድን የሱዛ ማርሽ አስገባሁበት፤ እዚህ አገር የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ያመረተው ነገር የቅጂ መብት የለውም፣ የወታደር ባንድ ቅጂም እንደዚያው። ሚዜዎቹ በቄንጥ ሲረግጡ ማርሹ ገጠመ። አላወጣውም አለ።

ቴሌግራፍ ጎዳና፣ እሑድ ማታ

ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በርከት ይላሉ። በአንዱ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ ኪቦርድ የሚጫወቱ፣ ዕድሜያቸው ስድሳ ያለፈ ሰው አሉ። በእረፍታቸው ላይ ክትፎአቸው ሲመጣ አጠገባቸው ተቀምጬ የሰማሁትንና ያየሁትን አጫወትኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ስማኝ ልጄ። በካሴት ጊዜ ሥራዬን ያለ ፈቃዴ ቀድተው ሸጡት። ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ በፈቃዴ ስጥ ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ያኔ ስምዎትም አብሮ ጠፍቷል፣ አሁን ስምዎ ይጠራል አልኳቸው። ስም ኪራይ አይከፍልም አሉኝ። እውነት ነው። የሬዝነር 1.6 ሚሊዮን ዶላር የመጣው ባንዱ ቀድሞ ሚሊዮን አድማጭ ስለነበረው ነው፤ ስሙ ላልተሰማ ሰው ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል ብሎ የሚምል ካለ አያምኑት። እኔ ኢትዮጵያ የሚል ቃል አስገብቼ ስፈልግ ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ሆኖ በፈቃድ የተለቀቀ ሙዚቃ ያገኘሁት ጥቂት ነው፤ ይበልጥ የሚገኘው የውጭ ሰዎች በእኛ ቅኝት የሠሩት ነው። አንዳንዱ ደስ ይላል። አንዳንዱ አምባሰልንና ባቲን አደባልቆ ያቦካል።

«የአገራችን ሕግስ ምን ይላል?» አሉኝ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ለደራሲ ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት፣ ለድምፅ ቅጂ አሳታሚም 50 ዓመት ይሰጣል። ሳያስቡት በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እየቆጠሩ የሰማንያዎቹን ካሴቶቻቸውን አሰሉ። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ «እኔ ሳልሞት አይለቅም ማለት ነው።»

አምስቱን ፈቃድ ውድቅ አደረጉ። ስድስተኛውን፣ ስሜን ጥራ፣ አትነግድበት፣ አትለውጠው የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። አትለውጠው የሚለው አልተመቻቸውም፤ የሙዚቃ ትምህርት የሚማሩ ልጆች ግጥም እየጨመሩ ቢለማመዱበት ደስ ይለኛል አሉ። እንግዲያውስ እርሱን እናውጣው፣ አትነግድበት የሚለው ይቆይ አልኳቸው። ዘፈን የሌለበት፣ ለብቻቸው የተጫወቱት አንድ ትዝታ ስልካቸው ውስጥ አለ፤ አስደመጡኝ። ከጀርባው የሳህን ድምፅ ይሰማል። እዚሁ ቤት ከእንግዳ በኋላ የተቀዳ ነው።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አሉ ሊነሡ ሲሉ። «አንድ ባንድ ይኼን ወስዶ ሰርግ ላይ ቢጫወተው፣ ንግድ ነው አይደለም?»

ባንዱ ተከፍሎት ከሆነ ወደ ንግዱ ያደላል፣ ሙሽራው ራሱ በስልኩ ቢያጫውተው ግን አይደለም፤ በመካከል ባለው ላይ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ አልኳቸው።

«እንግዲያው ተከፍሎት ሲጫወት ይደውልልኝ። ስልኬንም አብረህ ጻፍበት» ብለው ወደ ኪቦርዳቸው ሄዱ።